ከግድቡ እስከ ጉልቻው፦ ስለ ዝቅተኛ ካርቦን ቴክኖሎጂ ቅድሚያ አሰጣጥ የቀረበ ምልልስ

ዝቅተኛ ካርቦን የሚባሉት የኢነርጂ ቴክኖሎጂዎች፣ ማለትም ኃይል ሲመነጭባቸውም ሆነ ሲያገለግሉ ወደ አየር የሚለቁት ሙቀት አማቂ ጋዝ አነስተኛ የሆነው የውሃ፣ የነፋስ፣ የፀሐይ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ የባዮጋዝና የተሻሻለ ምድጃ ዘዴዎች፣ ብዙና የተለያዩ ናቸው። አንድ አገር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማልማት ስለማይችል ገንዘቡን፣ ባለሙያውንና የቤተ ሙከራ ጊዜውን በየትኛው ላይ እንደሚያውል አስቀድሞ መምረጥ ይኖርበታል፤ ብሔራዊ ቅድሚያ የሚባለውም ይኸው ምርጫ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ምልልስ ይህንን ምርጫ ከዲላ ከተማና ከጌዴኦ ዞን አንጻር ይመረምራል። ተናጋሪዎቹ ለክርክሩ ሲባል የተሳሉ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው በአገር አቀፍ የኃይል ዕቅድ ሥራ ላይ የቆዩ መሐንዲስ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ በጌዴኦ ገጠር የማገዶንና የምድጃን ጉዳይ የሚከታተሉ ባለሙያ ናቸው።

መሐንዲሱ፦ አገሪቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ሳትወስን የቆየች ተደርጎ ሲነገር መስማት ያሳዝናል። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ለመገንባት የወጣው ስትራቴጂ፣ ተግባራዊ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ከለያቸው ከ60 በላይ አማራጮች መካከል ሳይዘገዩ ይጀመሩ ያላቸው አራት ዘርፎች ነበሩ፤ እነሱም የውሃ ኃይል፣ የገጠር ማብሰያ ቴክኖሎጂ፣ የእንስሳት ሀብትና ደን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የውሃ ኃይሉ ፍሬ አፍርቷል። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 254 ሜጋ ዋት ያለው ገናሌ ዳዋ ሦስት በ2012 ዓ.ም. ተከተለ፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሜጋ ዋት ማለት አንድ ሚሊዮን ዋት ማለት በመሆኑ፣ ከአንድ ትውልድ በፊት የአገሪቱ የማመንጨት አቅም በመቶዎች ሜጋ ዋት ይቆጠር እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባለሙያዋ፦ ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ አያውቅም ማለት ነው፤ ሆኖም ኢንጂነር ያነሱት ያው ሰነድ ራሱ ሌላ ነገርም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ዓመታዊ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን እንደነበር፣ ከዚህም ውስጥ ከኤሌክትሪክ ማመንጨት የሚመጣው ከ5 ሚሊዮን ቶን በታች፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አስፍሯል። ትልቁ ድርሻ የእርሻና የከብት ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ከደን መመናመን ጋር የተያያዘው ነው፤ ለዚህም መመናመን ከእርሻ መስፋፋት ጎን ለጎን የሚጠቀሰው ምክንያት ማገዶ ነው። ማብሰያው ከአራቱ ቅድሚያዎች አንዱ ሆኖ የገባው ስለዚህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን የተሻሻሉ ምድጃዎች እንዲሠራጩም ታቅዶ ነበር። ግድቡ ግን ቦንድ ተገዝቶለት፣ መሐንዲስ ሠልጥኖለት፣ ሕዝብ ሁሉ በዓይኑ እየተከታተለው ሲገነባ፣ ምድጃው ፕሮጀክት ሲመጣ የሚጀመር፣ ፕሮጀክት ሲዘጋ የሚቆም ሥራ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም በወረቀት ላይ እኩል ቅድሚያ ነበራቸው።

መሐንዲሱ፦ ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ኃይሉ መጀመሪያ ካልመነጨ በኤሌክትሪክ ማብሰል አይታሰብም፤ ኃይሉ ከመነጨ ደግሞ እንጨቱ በራሱ ጊዜ ከማዕድ ቤት ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. የታተመው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ ዘዴዎች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ ለማዳረስ ያቀደው በዚህ እሳቤ ነው።

ባለሙያዋ፦ የተባለው ዓመት ደርሶ አልፏል፤ መብራት ያላገኘው ሕዝብ ግን ዛሬም በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ መብራት ያገኘውም ቢሆን አብዛኛው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ለዚህ ምክንያቱ የሕዝቡ ልማድ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ ስሌቱ ይረሳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ሚሊዮን ቤተሰብ በአንድ ሰዓት ምጣዱን ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ያህል ይጠየቃል ማለት ነው፤ ይህም ከሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። አገሪቱ ያላት የቤተሰብ ቁጥር ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ጭነቱን የሚሸከመው የሠፈሩ ትራንስፎርመርና የእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋው ሽቦ ስለሆነ፣ በግድቡ የተትረፈረፈው ኃይል ጎተራው ሞልቶ መስፈሪያ እንዳጣ ቤት እህል ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ የምጣዱን ፍላጎት በግማሽ የሚቀንስ፣ ሙቀት የማያባክን ሸክላና መሸፈኛ የሚሠራ ሰው ቢገኝ፣ አንድ ትልቅ ግድብ እንደገነባ ሊቆጠርለት ይገባል። ጥያቄው ይህን ሰው ማን ይቀጥረዋል የሚለው ነው። የጀርመን ወይም የቻይና ኩባንያ ምጣድ አያጠናም፤ እንጀራ የሚጋገረው በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በስደት ባሉ ወገኖች ቤት ብቻ ነውና።

መሐንዲሱ፦ ከዚህ አነጋገር አንድ መመዘኛ የሚወጣ ይመስላል።

ባለሙያዋ፦ ይወጣል። ቴክኖሎጂን ለማልማት ቅድሚያ ሲሰጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ይህን ችግር ከዚህ አገር ሰው በስተቀር የሚፈታው ሌላ አለ ወይ የሚለው ነው። የፀሐይ ፓነል በዓለም ገበያ ላይ በየዓመቱ እየረከሰ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ መግዛት፣ በትክክል መግጠምና መጠገን ማወቅ ይበቃል። ባትሪም እንደዚሁ ነው። ሌላው ዓለም በቢሊዮኖች ዶላር የሚመራመርበትን ነገር በአነስተኛ በጀት ለመድገም መሞከር ሰውንም ገንዘብንም ያባክናል። ማንም የማይነካው ችግር ግን እዚህ ካልተፈታ የትም አይፈታም።

መሐንዲሱ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ትኩረቱን የውጭ ቴክኖሎጂን ፈልጎ በማግኘት፣ በመማርና ከአገር ሁኔታ ጋር በማላመድ ላይ ማድረጉ ከዚህ ጋር ይጋጫል?

ባለሙያዋ፦ ለነፋስና ለፀሐይ ኃይል ፖሊሲው ትክክል ነው፤ አሸጎዳና አዳማ ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖችም የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ማላመድ የሚቻለው አስቀድሞ የተሠራ ነገር ሲኖር ነው። ለዚህ ጌዴኦን ማየት ይበጃል። የጌዴኦ ገበሬ ዋና ምግብ ከእንሰት የሚገኘው፣ በጌዴኦኛ ዋሳ የሚባለው ቆጮ ነው። የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከቦካ በኋላ ውሃው ተጨምቆ፣ ቃጫው እየተለቀመ ተከትፎ ይታሻል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በሸክላ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ቂጣው ወፍራም ስለሆነ መሐሉ እስኪበስል ዝግ ያለና ረዘም ያለ እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱ ከበረታ ቅጠሉ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተነደፈው ምርጥ ምድጃ በበኩሉ በሲሚንቶና በአሸዋ ወይም በቀይ አሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብና ጭሱን በአንድ በኩል የሚያስወጣ ሲሆን፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን እንደሚያስቀር በፈተና የታየ ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም ስፋቱም፣ የእሳት በሩም፣ የተፈተነበት መለኪያም የተቀመጡት ለእንጀራ ነው፤ ይኸውም ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ፈጥኖ እየተጋገረ ለሚነሣ፣ ስስ ለሆነና በአንድ ቀን ተጋግሮ ለቀናት ለሚበቃ ምግብ ማለት ነው። የቆጮ ጋጋሪ ይህ ምድጃ ቢሰጣትና ትታው ወደ ጉልቻዋ ብትመለስ፣ ተመዝግቦ የሚቀረው ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል የሚል ይሆናል።

መሐንዲሱ፦ ነገሩ ትክክል ነው፤ ቢሆንም አንድ የሚያስቸግር ነጥብ አለ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በጥምር ደን ግብርናው ነው፤ ይህም በአንድ ማሳ ላይ አገር በቀል ዛፍ ከላይ፣ ቡና ከመሐል፣ እንሰት ከጎን አብረው የሚያድጉበት ሥርዓት ነው። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ርዕስ ላይ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን በጥያቄ መልክ ያነሡትም ስለዚሁ ሥርዓት ነበር። ማገዶው እዚያው ከጓሮ፣ ከሚገረዘው ጥላ ዛፍና ከሚጎነደለው ያረጀ ቡና የሚገኝ ከሆነ፣ የተቆረጠው ተመልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ እንጨቱን መቆጠብ ከካርቦን አንጻር የሚያስገኘው ጥቅም እንደሌላው ቦታ ትልቅ አይሆንም።

ባለሙያዋ፦ ይህ በእውነት የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ካርቦንን ብቻ በመቁጠር አይገኝም። በጌዴኦ አንዳንድ ቀበሌዎች በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ1 ሺህ ሰው በላይ ይኖራል፤ መሬቱም ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ከግማሽ ሄክታር በታች ወርዷል። ቤተሰቡ በዛ መሬቱ ጠበበ ማለት ከጥላ ዛፉ ላይ የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ከሚያቆጠቁጠው መብለጥ ይጀምራል፤ ዋንዛውና ብርብራው ሲመናመን ደግሞ ቡናውም እንሰቱም አብረው ይጎዳሉ። ይህ የዛፍ፣ የቡናና የእንሰት ሥርዓት ራሱ ካርቦን ይዞ የሚያኖር በመሆኑ፣ የምድጃው ጥቅም በአንድ ክረምት በተቆጠበው እንጨት ብቻ ሊለካ አይችልም፤ ዛፉ ሳይቆረጥ የሚቆይበት ዕድሜም አብሮ መቆጠር አለበት። ከዚህ ሌላ ጭስ አለ። በዝናብ ወራት እርጥብ እንጨት በተዘጋ ቤት ውስጥ ስትማግድ የምትውል ሴትና ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን የሚተነፍሱት አየር፣ በካርቦን ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ባይኖረውም፣ ለብሔራዊ ቅድሚያ በቂ ምክንያት ነው። ቆጮ ጋጋሪዋን ሳይጠይቁ፣ በልማድ ወንዶች በሚቀመጡበት በሶንጎ ሸንጎ ብቻ አማክሮ ምድጃ መምረጥም የተለመደ ስሕተት ነው።

መሐንዲሱ፦ ባዮጋዝስ? በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፉ 14 ሺህ ማብላያዎችን ለመገንባት አቅዶ ከ8 ሺህ በላይ ገንብቷል። ማብላያ ማለት እበትና ውሃ ያለ አየር ተዘግተው በረቂቅ ተሕዋስያን እየተብላሉ የሚነድ ጋዝ የሚሰጡበት ከመሬት በታች የሚቀበር ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭም ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ባለሙያዋ፦ በደጋው እርሻና ከብት በበዛበት አገር መልካም ነው። ትንሹ ማብላያ በቀን 20 ኪሎ ግራም ያህል እበትና የዚያኑ ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ይህም ሦስት አራት ከብት በበረት ታስሮ የሚውልበት ቤት ይሻል። የጌዴኦ ገበሬ ጓሮው ውስጥ በእንሰት ቅጠል የሚቀልባት አንዲት ላም ካለችው ዕድለኛ ነው፤ የእሷም እበት የሚሄደው ለእንሰቱ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ባዮጋዝ ለዚህ ዞን ቅድሚያ ሊሆን አይገባም፤ ኮታ ሆኖ ከመጣም በአክብሮት መመለስ አለበት። ለጌዴኦ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬና በገደብ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሌት ተቀን ይሠራሉ። ቀይ እሸቱ በመፈልፈያ ማሽን ሲያልፍ ልጣጩ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል፤ ልጣጩ የእሸቱን ክብደት 40 በመቶ ያህል ይይዛል። ይህ ልጣጭ በየጣቢያው ተከምሮ ይሸታል፤ ከእጥበቱ የሚወጣው ውሃም ወንዝ ሲገባ ኦክስጅኑን አሟጦ የታችኛውን መንደር ውሃ ያበላሻል። ያው ልጣጭ ግን በአግባቡ ከተብላላ ጋዝ ይሰጣል።

መሐንዲሱ፦ ሦስት ወር ብቻ የሚገኝ ጥሬ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ኃይል ለሚፈልግ ቤት አይሆንም። በዚያ ላይ የቡና ልጣጭ አሲድነት ስላለው ረቂቅ ተሕዋስያኑን ያዳክማል።

ባለሙያዋ፦ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ለዚህም ነው ምርምር የሚያስፈልገው። ከወቅቱ እንጀምር። ማጠቢያ ጣቢያው ራሱ ኃይል የሚፈልገው በእነዚያው ሦስት ወራት ነው፤ መስመር ባልደረሰበት ወይም መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መፈልፈያውንና የውሃ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ናፍጣ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ደግሞ በቀላል ማስተካከያ ከናፍጣው አብዛኛውን ድርሻ በባዮጋዝ ተክቶ ሊሠራ ይችላል። ጥሬ ዕቃውና ፍላጎቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ መገጣጠም በኢነርጂ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የአሲዱ ነገር ልጣጩን ከእበት ወይም ከእንሰት ተረፈ ምርት ጋር በመቀላቀል፣ አመድ ወይም ኖራ በመጨመር ሊስተካከል ይችላል፤ ድብልቁ ምን ያህል ይሁን፣ በዲላ ሙቀትና ከፍ ብሎ በሚገኘው በቡሌ ብርድ ልዩነቱ ምንድን ነው የሚለው ግን በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ መልስ የለውም፤ ጣቢያው ላይ ቆሞ መለካት ይጠይቃል። የቡና ማድረቂያው አልጋም ከፀሐይ በስተቀር ሌላ ኃይል ስለማይጠቀም፣ መፈልፈያው ከናፍጣ ቢላቀቅ የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና ከማሳ እስከ መጋዘን ድረስ በዝቅተኛ ካርቦን የተዘጋጀ ነው ብሎ ለገዢው ማሳየት ይቻላል።

መሐንዲሱ፦ እንዲህ ያለው ሥራ በየዞኑ ቢበተን የሚፈጠረው አደጋ ግን ከዚህ በፊት ታይቷል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር እንፋሎት ፍለጋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በአሉቶ ላንጋኖ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያው 7 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው፤ እሱም ለረጅም ጊዜ ተበላሽቶ ቆመ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦልካሪያ ማመንጨት ከጀመረች ወዲህ ሳታቋርጥ በመቆፈሯ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ከእንፋሎት ታገኛለች። የሁለቱ አገሮች ሸለቆ አንድ ነው፤ የተለያየው ጽናቱ ነው። ቅድሚያ ማለት ለሠላሳ ዓመት መያዝ ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ በዚህ ላይ የሐሳብ ልዩነት የለም። ከጌዴኦ ቁልቁለት ባሻገር የሚታየው የአባያ ሐይቅ አካባቢ ራሱ የእንፋሎት ተስፋ ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከኤሌክትሪኩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከወንዝ የሚያገኝ አገር፣ ዝናብ ሲጠፋ የማይጠፋ ኃይል ያስፈልገዋል። መሰርሰሪያው ሊገዛ ይችላል፤ የዚህን ሸለቆ ዐለት የሚያነብ ጂኦሎጂስትና ቆፋሪ ግን በመሥራት ብቻ የሚገኝ ስለሆነ በተቀመጠው መመዘኛ መሠረት ከፊት ይሰለፋል።

መሐንዲሱ፦ እንግዲህ ዝርዝሩ እየረዘመ ነው። ቅድሚያ ሲሰጥ የሚተወውም አብሮ መጠራት አለበት፤ አለበለዚያ ምኞት ይሆናል።

ባለሙያዋ፦ የሚጠራ ከሆነ፣ አገር አቀፍ ገንዘብ የሚገባባቸው ሦስት ነገሮች ይሁኑ፤ የእንፋሎት ቁፋሮ፣ የኤሌክትሪክም ሆነ የእንጨት ምጣድ፣ እንዲሁም የቡናና የሌላ ሰብል ተረፈ ምርት። የሚተወው ደግሞ የፀሐይ ፓነልን እንደገና የመፈልሰፍ ሙከራ፣ አንድ ዓይነት ምድጃና አንድ ዓይነት ማብላያ ለሁሉም ዞን በኮታ ማደል፣ ተማሪ ተመርቆ ሲወጣ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ናሙና መሥራት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ተቋም ይመደብለት፤ የተረፈ ምርቱና የቆጮ ምጣዱ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሌጅነት ተጀምሮ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ለሆነው ለዲላ ዩኒቨርሲቲ ቢሰጥ፣ ማጠቢያ ጣቢያውም ጋጋሪዋም ከቅጥሩ ውጭ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛሉ።

መሐንዲሱ፦ ዩኒቨርሲቲ ይፈትናል እንጂ ሞተር አይጠግንም። በሁለተኛው የቡና ወቅት መሐል ማብላያው ቢደፈን ባለቤቱ ማን ነው? ጣቢያው ሌሊት ሊቆም አይችልም፤ የተለቀመ እሸት ሳይፈለፈል ካደረ ይበላሻል።

ባለሙያዋ፦ ባለቤቱ ናፍጣውን የሚከፍለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ማኅበራት የራሳቸው ማጠቢያ ጣቢያ አላቸው፤ ለናፍጣ የሚወጣው ገንዘብ ከገበሬው ትርፍ ክፍያ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ፣ መቀነሱን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ወቅት ሙሉ በሙሉ በናፍጣ ሆኖ የሚፈጀው ሊትር፣ የሚወጣው ልጣጭና የወንዙ ውሃ ጥራት ብቻ ይለካ፤ በሁለተኛው ወቅት አንድ ጣቢያ በድብልቅ ይሥራ፤ የናፍጣው ሞተር ከቦታው አይነሣ። የሚጠግነውም የዲላ ጋራዥ መካኒክ ይሁን፤ እሱ ያልቻለው ንድፍ ይጣል።

መሐንዲሱ፦ መለካት ብቻ ለሚሠራበት የመጀመሪያ ወቅት በጀት የሚፈቅድ ሰው ማግኘት ከግንባታው ይከብዳል፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር የለውምና።

ባለሙያዋ፦ ይህ ካልተፈቀደ ሁለተኛውን ወቅት መጀመር የለበትም። በፊት ምን ያህል ይነድ እንደነበር ሳይታወቅ ይህን ያህል ቀነሰ ተብሎ የሚጻፍ ሪፖርት ለሌላ ዞን ኮታ መነሻ ይሆናል፤ የጌዴኦ ጋጋሪ ለእንጀራ የተለካ ምድጃ የሚደርሳትም በዚሁ መንገድ ነው።